ጥርት ያለ ውሃ ሁሉ ንጹሕ ነውን? የመኖሪያ ቤት መዋኛ ገንዳ ኬሚስትሪ

በስምጥ ሸለቆ ከሚገኙት ከተሞቻችን በአንዱ፣ በግቢው ውስጥ አነስተኛ የመዋኛ ገንዳ ያሠራ አንድ አባወራ እንዳለ እናስብ። ገንዳው የሚሞላው በግቢው ከተቆፈረ የጉድጓድ ውሃ ነው። ውሃው እንደ መስታወት የጠራ በመሆኑ የወለሉን ንጣፍ አንድ በአንድ መቁጠር ይቻላል። ይሁን እንጂ ልጆች ዋኝተው ሲወጡ ዓይናቸው ይቀላል፣ ቆዳቸውን ያሳክካቸዋል፣ አፍንጫን የሚሰነፍጥ ሽታም በገንዳው ዙሪያ ያንዣብባል። አባወራው "ክሎሪኑ በዝቷል" ሲል፣ ጎረቤቱ ደግሞ "የለም፣ አንሷል" ይላል። አንዱ ክሎሪን መጨመሩን ሊያቆም፣ ሌላው እፍኝ ሙሉ ሊያስጨምር ይሻል። ሁለቱም ግን ውሃውን አልለኩም።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህን ክርክር ነው። ጉዳዩ የቅንጦት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ክሎሪን በውሃ ውስጥ የሚሠራበት ሕግ በከተማ ቧንቧ፣ በገጠር ምንጭና በመዋኛ ገንዳ አንድ ዓይነት ነውና፣ ገንዳውን የተረዳ አንባቢ የሚጠጣውንም ውሃ ይበልጥ ይረዳል። ከዚህም ሌላ የገንዳ ውሃ ብዙ ሰው በአንድነት የሚነከርበትና ልጆች ሳያስቡት የሚውጡት በመሆኑ፣ ሚዛኑ ሲዛባ ጉዳቱ የሚደርሰው በቅድሚያ በሕፃናት ላይ ነው።

ክሎሪን በውሃ ውስጥ ምን ይሆናል?

ክሎሪንን ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1774 ያገኘው ካርል ሼለ የተባለው ኬሚስት ሲሆን፣ ንጥረ ነገር መሆኑን አረጋግጦ ስሙን ያወጣለት ደግሞ እንግሊዛዊው ሃምፍሪ ዴቪ እ.ኤ.አ. በ1810 ነው። ዛሬ ለቤት ውስጥ ገንዳ የምንጠቀምበት ክሎሪን በአብዛኛው በጋዝ መልክ ሳይሆን በውሁድ መልክ የሚገኝ ነው። በየሱቁ የሚሸጠው በረኪና የሶዲየም ሃይፖክሎራይት ሙሙት ነው። በዱቄት ወይም በእንክብል መልክ የሚቀርበው ነጭ ኬሚካል ብዙውን ጊዜ ካልሲየም ሃይፖክሎራይት ነው።

ከሁለቱ የትኛውንም ወደ ውሃ ብንጨምር ውጤቱ አንድ ነው፤ ሁለት የክሎሪን ዓይነቶች በአንድነት ይገኛሉ። አንደኛው ሃይፖክሎረስ አሲድ ሲሆን፣ ሁለተኛው ይኸው አሲድ አንድ የሃይድሮጂን አዮን ሲለቅ የሚቀረው ሃይፖክሎራይት አዮን ነው። ሃይፖክሎረስ አሲድ ኤሌክትሪካዊ ሙል የሌለውና ትንሽ ሞለኪውል በመሆኑ የባክቴሪያን ልባስ በቀላሉ ዘልቆ ይገባል። ሃይፖክሎራይት አዮን ግን አሉታዊ ሙል አለው። የባክቴሪያ ገጽም አሉታዊ ሙል ያለው በመሆኑ እርስ በርስ ይገፋፋሉ። በዚህም ምክንያት የመጀመሪያው ተህዋስያንን በመግደል ረገድ ከሁለተኛው በብዙ አሥር እጥፍ ይበልጣል።

ስለሆነም "በውሃው ውስጥ ስንት ክሎሪን አለ?" የሚለው ጥያቄ ብቻውን በቂ አይደለም። "ካለው ክሎሪን ምን ያህሉ በሃይፖክሎረስ አሲድ መልክ ይገኛል?" ብለን መጠየቅም ይገባናል። የዚህን መልስ የሚወስነው የውሃው ፒኤች ነው።

የፒኤች ሥልጣን

ፒኤች የውሃን አሲዳማነት ወይም ቤዛማነት የምንገልጽበት መለኪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1909 በኮፐንሃገን በሚገኘው የካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ሶረን ሶረንሰን ያስተዋወቀው ነው። 7 ገለልተኛ ሲሆን፣ ከዚያ በታች አሲዳማ፣ ከዚያ በላይ ቤዛማ ነው። አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው፣ በመለኪያው ላይ የአንድ አሃዝ ለውጥ በሃይድሮጂን አዮን ይዘት የአሥር እጥፍ ለውጥ ማለት መሆኑን ነው። ፒኤች ከ7 ወደ 8 ሲወጣ "ትንሽ ከፍ አለ" ማለት ስሕተት የሚሆነው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ክሎሪን እንመለስ። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በሆነ ውሃ ውስጥ ከነጻው ክሎሪን በሃይፖክሎረስ አሲድ መልክ የሚገኘው ድርሻ እንደሚከተለው ነው። ፒኤች 7.0 ሲሆን 77 ከመቶ፣ 7.2 ሲሆን 68 ከመቶ፣ 7.5 ሲሆን 52 ከመቶ፣ 7.8 ሲሆን 35 ከመቶ፣ 8.0 ሲሆን 25 ከመቶ፣ 8.5 ሲሆን 10 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከዚህ እንደምንረዳው፣ ፒኤች 8.5 በሆነ ገንዳ ውስጥ ከሚጨመረው ገንዘብ የወጣበት ክሎሪን ከአሥር እጅ ዘጠኙ ደካማ ሠራተኛ ሆኖ ይቀመጣል።

በሌላ በኩል ፒኤች ከ7 በታች ከወረደ ክሎሪኑ ብርቱ ቢሆንም ውሃው ራሱ ብረታ ብረትንና ሲሚንቶን መብላት ይጀምራል። የሰው ዕንባ ፒኤች 7.4 አካባቢ መሆኑም ሊታወስ ይገባል። ውሃው ከዚህ በእጅጉ ሲርቅ ዓይን ይቆጣል። እንግዲህ ለክሎሪኑ፣ ለገንዳው አካልና ለዋናተኛው ዓይን በአንድነት የሚስማማው ከ7.2 እስከ 7.8 ያለው ጠባብ ክልል ነው።

"የክሎሪን ሽታ" የምንለው ምንድን ነው?

ብዙ ሰው ገንዳው አጠገብ ሲደርስ የሚሸተውን የሚሰነፍጥ ሽታ የብዙ ክሎሪን ምልክት አድርጎ ይወስደዋል። እውነታው ከዚህ ይለያል። ላብና ሽንት አሞኒያንና ዩሪያን የመሰሉ ናይትሮጂን ያላቸው ውሁዶችን ይይዛሉ። ክሎሪን ከእነዚህ ጋር ሲዋሐድ ክሎራሚን የተባሉ ውሁዶች ይፈጠራሉ። ዓይንን የሚያቀላው፣ ጉሮሮን የሚከረክረውና አፍንጫን የሚሰነፍጠው በአብዛኛው ይህ "የተያዘ ክሎሪን" ነው። የተያዘ ክሎሪን ተህዋስያንን የመግደል ኃይሉ እጅግ ደካማ ነው። ስለዚህ ብርቱ ሽታ የሚነግረን ክሎሪኑ በሥራ ብዛት ተጠምዶ ነጻው ማነሱን ነው።

ከዚህ የምንማረው ቀላል ትምህርት አለ። ወደ ገንዳ ከመግባት በፊት በሳሙና መታጠብና ልጆችን ሽንት ቤት ማድረስ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የኬሚስትሪም ጉዳይ ነው።

በቂ ነጻ ክሎሪን በትክክለኛ ፒኤች ሲገኝ ምን ይሠራል? ነጻ ክሎሪን በሊትር 1 ሚሊግራም፣ ፒኤች 7.5፣ የውሃው ሙቀት 25 ዲግሪ ሲሆን፣ አደገኛ የሆነው የኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይሞታል። የሄፓታይቲስ ኤ ቫይረስ 16 ደቂቃ ያህል፣ ጃርዲያ 45 ደቂቃ ያህል ይቆያል። ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለው ተቅማጥ አምጪ ጥገኛ ግን በዚሁ ውሃ ውስጥ ከ10 ቀናት በላይ በሕይወት ይቆያል። ስለዚህ በሚገባ የተመጣጠነ ገንዳ እንኳ ሁሉን ቻይ አይደለም። ተቅማጥ የያዘው ልጅ ወደ ገንዳ እንዳይገባ የሚከለከለው፣ ሕመሙ የክሪፕቶስፖሪዲየም መሆኑ ከታወቀም ተቅማጡ ከቆመ በኋላ ሁለት ሳምንት እንዲጠብቅ የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው።

አልካሊነት፦ የፒኤች ጠባቂ

አንባቢ "ፒኤችን አንድ ጊዜ አስተካክዬ ብተወውስ?" ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ይህ የሚወሰነው በውሃው አልካሊነት ነው። አልካሊነት ማለት በውሃ ውስጥ የሚገኙ፣ በተለይም ባይካርቦኔትን የመሰሉ፣ አሲድን ተቀብለው የሚያለዝቡ አዮኖች ድምር ነው። አልካሊነቱ እጅግ ያነሰ ውሃ ትንሽ አሲድ ወይም ቤዝ በገባበት ቁጥር ፒኤቹ ወዲያና ወዲህ ይዋዥቃል። እጅግ የበዛ ከሆነ ደግሞ ፒኤቹ ወደ ላይ መውጣት ያዘወትራል። ምክንያቱም ባይካርቦኔት የሞላበት ውሃ ካርቦን ዳይኦክሳይድን በብዛት ይይዛል፤ ጋዙ ቀስ በቀስ ወደ አየር ሲያመልጥ አሲዳማነት ከውሃው ይቀንሳል። ለቤት ገንዳ በሊትር ከ80 እስከ 120 ሚሊግራም ተስማሚ ነው፤ ይህ መጠን የሚገለጸው በካልሲየም ካርቦኔት ስሌት ነው።

ይህ ነጥብ ለአባወራችን ጠቃሚ ነው። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ በብዙ ስፍራ የሶዲየምና የባይካርቦኔት ውሃ ነው፤ አልካሊነቱ ከፍ ያለ፣ ካልሲየሙ ግን ዝቅ ያለ ይሆናል። እንዲህ ያለ ውሃ የተሞላበት ገንዳ ባለቤቱ ምንም ጥፋት ባያጠፋም ፒኤቹ ወደ 8 እና ከዚያ በላይ ይሸሻል።

ካልሲየም፦ የማንቆርቆሪያው ትምህርት

ውሃ ደጋግሞ በሚፈላበት ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ሲጋገር ሁላችንም አይተናል። ይህ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። በገንዳም ካልሲየም ሲበዛ፣ ፒኤችና አልካሊነት ከፍ ሲሉ፣ ሙቀትም ሲጨምር ቅርፊቱ በግድግዳ፣ በቧንቧና በማጣሪያ ላይ ይጋገራል። ካልሲየም ሲያንስ ደግሞ ውሃው የጎደለውን ከገንዳው ሲሚንቶና ከንጣፉ መገጣጠሚያ እየሟሟ ይወስዳል። ውሃ ቅርፊት ይጋግር ወይስ ይሸርሽር እንደሆነ በስሌት የሚታወቅበትን መንገድ አሜሪካዊው ዊልፍሬድ ላንግሊየር እ.ኤ.አ. በ1936 አሳትሟል። ለሲሚንቶ ገንዳ በሊትር ከ200 እስከ 400 ሚሊግራም ካልሲየም፣ እንደ ካልሲየም ካርቦኔት ሲሰላ፣ ተስማሚ ነው።

ፀሐይና ማረጋጊያው

የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ነጻ ክሎሪንን ይሰባብራል። ጠራራ ፀሐይ በሚያርፍበት ገንዳ ውስጥ አብዛኛው ክሎሪን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይጠፋል። ይህን ለመግታት ሳያኑሪክ አሲድ የተባለ ማረጋጊያ ይጨመራል፤ ክሎሪኑን ልቅቅ አድርጎ ይይዝና ከጨረሩ ይጋርደዋል። በሊትር ከ30 እስከ 50 ሚሊግራም ይበቃል። ማረጋጊያው ክሎሪኑን የሚይዘው ግን ከፀሐይ ብቻ ሳይሆን ከሥራውም ጭምር ነው። ስለዚህ ማረጋጊያ በሌለበት ገንዳ ዝቅተኛው ነጻ ክሎሪን በሊትር 1 ሚሊግራም ሲሆን፣ ማረጋጊያ ባለበት ቢያንስ 2 ሚሊግራም እንዲሆን ይመከራል።

እዚህ ላይ አንድ የተሰወረ ወጥመድ አለ። ትራይክሎር የተባሉት ቀስ ብለው የሚሟሙ እንክብሎች በውስጣቸው ማረጋጊያውን ይዘዋል። 50 ሜትር ኩብ ውሃ በሚይዝ ገንዳ ውስጥ አንድ ኪሎግራም ትራይክሎር የማረጋጊያውን መጠን በሊትር 11 ሚሊግራም ያህል ከፍ ያደርገዋል። አሥር ኪሎግራም ከተጠቀምን መጠኑ ከ100 ያልፋል። ክሎሪኑ ሥራውን ሠርቶ ሲያልቅ ማረጋጊያው ግን በውሃው ውስጥ ይከማቻል፤ የሚቀንሰውም የገንዳውን ውሃ በከፊል ደፍቶ በአዲስ በመተካት ነው።

የአባወራው ገንዳ በስሌት

አሁን ወደ ተነሣንበት ክርክር እንመለስ። ገንዳው 10 ሜትር ርዝመት፣ 4 ሜትር ስፋትና በአማካይ 1.25 ሜትር ጥልቀት አለው እንበል። ሦስቱን ስናባዛ 50 ሜትር ኩብ ወይም 50,000 ሊትር እናገኛለን። እንግዲህ የማንኛውንም ነገር ይዘት በሊትር 1 ሚሊግራም ከፍ ለማድረግ 50 ግራም ያስፈልጋል። ይህች አንዲት ቁጥር የስሌቱ ሁሉ ቁልፍ ናት።

ውሃው በመመርመሪያ ዕቃ ሲለካ የሚከተለው ተገኘ እንበል፦ ፒኤች 8.2፣ ነጻ ክሎሪን 1.0፣ ጠቅላላ ክሎሪን 2.0፣ አልካሊነት 180፣ ካልሲየም 60፣ ማረጋጊያ 0። ከጠቅላላው ክሎሪን ነጻውን ስንቀንስ 1.0 ሚሊግራም የተያዘ ክሎሪን መኖሩን እናያለን፤ የሽታውና የዓይን መቅላቱ ምንጭ ተገኘ ማለት ነው። በፒኤች 8.2 ከነጻው ክሎሪን ብርቱው 18 ከመቶ ያህል ብቻ በመሆኑ፣ በውሃው ውስጥ በትክክል የሚሠራው በሊትር 0.18 ሚሊግራም ገደማ ነው። ፒኤቹን ወደ 7.4 ብናወርደው ግን ድርሻው 57 ከመቶ ይሆናል። አንድ ግራም ክሎሪን ሳንጨምር የክሎሪኑ ብርታት ከሦስት እጥፍ በላይ ያድጋል።

ስለዚህ የሥራው ቅደም ተከተል እንደሚከተለው ይሆናል።

አንደኛ፣ አልካሊነትንና ፒኤችን ማውረድ። አልካሊነቱን ከ180 ወደ 100 ለማድረስ 32 ከመቶ የሆነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በጠቅላላው 8 ሊትር ያህል ያስፈልጋል። ይህ በአንድ ቀን የሚጨመር አይደለም። ፓምፑ እየሠራ በአንድ ጊዜ ከ1 ሊትር ያልበለጠ ይጨመራል፤ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ይለካል፤ ፒኤቹ 7.2 ሲደርስ ይቆማል። ከዚያም ውሃውን በፏፏቴ ወይም በሚረጭ ቧንቧ ማናፈስ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ስለሚያስወጣ፣ አልካሊነቱ ሳይለወጥ ፒኤቹ መልሶ ይወጣል። በዚህ ዓይነት እየተደጋገመ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሁለቱም ወደ ስፍራቸው ይመጣሉ።

ሁለተኛ፣ የተያዘውን ክሎሪን መሰባበር። በተለመደው ደንብ መሠረት ከተያዘው ክሎሪን አሥር እጥፍ የሚሆን ነጻ ክሎሪን በአንድ ጊዜ ይጨመራል። ይህም በሊትር 10 ሚሊግራም፣ በጠቅላላው 500 ግራም ክሎሪን ነው። 65 ከመቶ በሆነ ካልሲየም ሃይፖክሎራይት ቢታሰብ 770 ግራም፣ 5 ከመቶ በሆነ በረኪና ቢታሰብ 10 ሊትር ያህል ይሆናል። በረኪና ሲቆይና ሲሞቅ ኃይሉ ስለሚቀንስ አዲስ የተመረተና ሽቶ ያልተጨመረበት ይመረጣል። ሥራው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ይከናወናል፤ ነጻው ክሎሪን ከ4 ሚሊግራም በታች እስኪወርድም ማንም አይዋኝም።

ሦስተኛ፣ ማረጋጊያ። በሊትር 30 ሚሊግራም ለማድረስ 1.5 ኪሎግራም ሳያኑሪክ አሲድ ይበቃል። ከዚህ በኋላ ነጻው ክሎሪን ከ2 ሚሊግራም በታች እንዳይወርድ ይጠበቃል።

አራተኛ፣ ካልሲየም። ከ60 ወደ 200 ለማድረስ ውሃ ያዘለ ካልሲየም ክሎራይድ ወደ 10 ኪሎግራም ያስፈልጋል። ይህ በመጨረሻ የሚደረገው፣ አልካሊነቱና ፒኤቹ ገና ከፍ ብለው ሳለ ቢጨመር ውሃው እንደ ወተት ሊደፈርስ ስለሚችል ነው። በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ መጨመር ይሻላል።

ከዚያ በኋላ ነጻ ክሎሪንና ፒኤች ገንዳው አገልግሎት በሚሰጥበት ቀን ሁሉ፣ አልካሊነት በየሳምንቱ፣ ካልሲየምና ማረጋጊያ በየወሩ ቢለኩ ይበቃል። የማጣሪያው ሥራም አይዘንጋ። የገንዳው ወለል በግልጽ ካልታየ፣ ኬሚስትሪው ምንም ያህል ቢስተካከል፣ የሰመጠ ሰው ስለማይታይ ማንም መግባት የለበትም።

ከሁሉ በፊት ጥንቃቄ

ገንዳውን የሚያክመው ኬሚካል ሰውን ሊገድል ይችላል። በረኪናም ሆነ ሌላ የክሎሪን ውሁድ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ስለዚህ ሁለቱ በአንድ ባልዲ አይቀላቀሉም፤ በአንድ መደርደሪያም ጎን ለጎን አይቀመጡም። አንዱን ለክቶ የተጠቀሙበት መጥለቂያ ለሌላው አይውልም። ካልሲየም ሃይፖክሎራይትና ትራይክሎር ሁለቱም "ክሎሪን" ተብለው ቢጠሩም ሲቀላቀሉ እሳትና ፍንዳታ ሊያስነሡ ይችላሉ። ኬሚካል ወደ ብዙ ውሃ ይጨመራል እንጂ ውሃ በኬሚካል ላይ አይፈስም። ጓንትና የዓይን መከላከያ ማድረግ፣ አየር በሚዘዋወርበት ስፍራ መሥራት፣ ዕቃውን ልጆች በማይደርሱበት ደረቅ ቦታ መቆለፍ ግዴታ ነው።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ከአባወራውና ከጎረቤቱ ማን እውነት ነበረው? "አንሷል" ያለው ጎረቤት ወደ እውነቱ ቀርቧል፤ የሚሠራው ክሎሪን በእርግጥ አንሶ ነበርና። መድኃኒቱ ግን እፍኝ ክሎሪን ሳይሆን በቅድሚያ ፒኤችን ማስተካከል ነበር። አባወራው የፈራውን ሽታ በትክክል ሸትቷል፤ የሰጠው ትርጉም ግን የተገላቢጦሽ ነበር። ክሎሪኑን ቢያቆም ኖሮ ልጆቹ የሚዋኙት በጠራ ነገር ግን ተህዋስያን በማይሞቱበት ውሃ ውስጥ ይሆን ነበር።

ዓይን ጥራትን ያያል፣ አፍንጫም ሽታን ይለያል፤ ፒኤችን ግን ሁለቱም አያውቁትም። ሳይለኩ ኬሚካል መጨመር "ሳይቸግር ጤፍ ብድር" ነውና፣ በገንዳውም ሆነ በሌላው የኑሮ ዘርፍ ከእፍኝ በፊት መለኪያ ይቅደም እንላለን።